የጥጥ ጀናዛ

«ጓደኛዬ መኳንንት እውነቱን ነው፤ ሞት የግል ጉዳይ ነው» አለ ከፍያለው፣ ትኩስ ሻዩን እፍ እያለ። ይህን የተናገረው የገዛ አባቱ አስከሬን ከዓመታት በፊት ቀባሪ አጥቶ ተጋድሞ በዋለበት ክፍል ውስጥ፣ ያውም አልጋው በነበረበት ጥግ ተቀምጦ ነው። እህቱ ተናኘ ቀና ብላ አየችው። የምትለው ሞልቶ ነበር፤ ግን አልታየች የምትባለው ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ስላለች ዳቦዋን ቆረሰች። በዚያ ቤት ስኳሩ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው የሚመጣው፤ ዝምታው ግን እንደ ልብ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ገና ከሰፈሩ አልተነሣም። በጉሙ ውስጥ የቅሬው ለፋፊ ድምፅ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየራቀ ይሄዳል፦ «ሼህ ዘይኑልአቢዲን ወደ አኼራ ሄደዋል! ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ደሴ ላይ ሰው ብቻውን አይሞትም። እስላሙንም ክርስቲያኑንም ያቀፈ፣ ቅሬ የሚባል የቀብር ማኅበር አለ። ለፋፊው ሲጣራ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይነሣል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ከነአካቴው ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤቱ ሬሳ ሲገባ ምን እንደሚሆን ደግሞ ማንም ለማንም አይነግርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የነተናኘ አባት አቶ ካሳዬ ጴንጤ ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ፣ ምእመናኑ በየሳሎኑ ድምፃቸውን ቀንሰው የሚዘምሩበት ጊዜ ነበርና ሲሞቱ የሰፈሩ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የመቀበሪያ መሬት ከለከላቸው። ዘመድ የተባለው ሁሉ ግቢው ውስጥ እጁን አጣጥፎ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ የቅሬው ዳኛ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሰዎቻቸውን አስከትለው፣ አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። «ካሳዬ የኛ ሰው ነው። ሃይማኖቱን ለአላህ እንተወውና እኛ የኛን እንሥራ» አሉ፤ ከቤታቸው በላይ፣ ከባሕር ዛፋቸው ሥር አስቆፈሩላቸው። ተናኘ ያን ቀን አትረሳም። ከፍያለውም አይረሳም። ልዩነቱ፣ እሷ ሼሁን ባገኘች ቁጥር ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ትስም ነበር፤ እሱ ደግሞ መንገድ ይቀይር ነበር። ውለታ የሚያሳፍረው ሰው አለ፤ ከፍያለው ከነዚያ ነው።

«ቀብሩ ላይ አትገኝም?» አለችው።

«ቢሮ አለኝ። የሰዓት ፊርማ አለ።»

«ቢሮህና መስጊዱ እኮ በአጥር ነው የሚዋሰኑት።»

«አንቺስ ብትሆኚ ልትቀሪ አይደል?»

ይህ ነካት፤ እውነት ነበርና። ኮምቦልቻ ውስጥ ተናኘ በምትሠራበት የክር ፋብሪካ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ስብሰባ አለ። ባለፈው ወር አንዲት ልብስ አጣቢ ጎረቤታቸው ሞታባቸው፣ ሊያጥቧትና ሊገንዟት ፈረቃቸውን ጥለው የሄዱ ሴቶች አሉ። ሲመለሱ የፋብሪካው በር ላይ ቆሞ የጠበቃቸው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው መኳንንት ነው፤ «ሞት የግል ጉዳይ ነው» የምትለዋን ቃል የወለዳትም ያን ዕለት ነው። ሴቶቹን ለማባረር የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሳይንሳዊ» የተባለ ጥናት። የፋብሪካው የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ ደግሞ ተናኘ ናት። ሴቶቹ የቀሩት በኋላቀር ልማድና በዲሲፕሊን ጉድለት ነው ብላ ዛሬ በስብሰባው ፊት ካነበበች ይባረራሉ፤ አላነብም ካለች የምትባረረው እሷ ናት። መኳንንት የከፍያለው የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ይህን ሥራ ያስገኘላትም በከፍያለው ልመና ነው። ስለዚህ ከፍያለው በሩ ድረስ ሸኛት። «አንብቢና ተመለሽ» አላት። «ቃሉን አንቺ አልጻፍሽው። ምን ቸገረሽ?»

አውቶቡስ ተራ ከመሄዷ በፊት ሼሁ ግቢ ጎራ አለች። ወንዶቹ ድንኳን ይወጥራሉ፤ ሴቶቹ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ አንዱ ከጎረቤት የመጣ አግዳሚ ወንበር በር አልገባ ብሎት ይታገላል። የሼሁ ልጅ ሁስኒያ ዓይኗ አባብጦ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። ተናኘ አቅፋት አለቀሰች፤ ለአባቷ ያላለቀሰችው ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ከዚያ እንደ ጥፋተኛ ልጅ መሬት መሬት እያየች፣ ዛሬ ለቅሶው ላይ መዋል እንደማትችልና ለምን እንደማትችል ነገረቻት።

«አብሽሪ» አለቻት ሁስኒያ። ሐዘንተኛዋ እሷ ሆና አጽናኟም እሷ ሆነች። «አባዬ በሕይወት ቢኖሩ ‹ሂጅ› ነበር የሚሉሽ። ሴቶቹ ከነልጆቻቸው ሜዳ ሊወድቁ አይደል? ሂጅና ማታ ነይ። ቅሬው ቀረች ብሎ ቢነሣብሽ፣ ወላሂ እኔ አለሁልሽ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ሽንኩርት ነበር። ኪሎው ብር ከስሙኒ ገባ የሚል ከኋላ ተነሣ፤ ብር ከስሙኒው የበሰበሰው ነው፣ ደህናው ብር ተሃምሳ ነው የሚል ከፊት መለሰ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ አስተያየት ሊሰጥ ሲል «ኧረ መንገድህን እይ!» ብለው ጮኹበት። ሐረጎ ላይ መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር ተናኘ የወንድሟ ቀልድ ትዝ አላት። «የሰው ሥራ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያንቺ እንደ ሐረጎ መንገድ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል» ይላታል። አልዋሸም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሲዮሎጂ ማጥናት እንደ ጀመረች የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ቢስቲማ ገጠር ደረሳት። እዚያ ወረቀት ይዛ በየደጁ ትዞራለች፤ «ስንት በሬ አለዎት? እህሉን ለማን ነበር የሚከፍሉት?» ትላለች፤ ገበሬው ሁሉ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ይሸኛታል። አንድ ቀን ሴቶች ከዛፍ ሥር ተሰብስበው ሲንከተከቱ ደረሰች። አንደኛዋ ተናኘን ሆና፣ አረማመዷን ሳይቀር ቀድታ ትጠይቃለች፤ ሌሎቹ ይመልሳሉ። ለእውነተኛዋ ተናኘ የደበቁትን ሁሉ ለውሸቷ ተናኘ ይዘረግፉላታል። መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ሰማች። ትምህርቷን ስትጨርስ የተመደበችበት ቢሮ ፈረሰ። ሐርቡ አስተማሪ ሆነች፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዞረች፤ ለሕዝብ ቆጠራ ቆጣሪዎች አሠለጠነች፤ በድርቁ ጊዜ እርዳታ ጣቢያ ገብታ የተራበ ሰው መዘገበች። በሄደችበት ሁሉ አለቆቿ መጠይቅ ይሰጧታል፤ እሷ ሰዉን «እስቲ ሆናችሁ አሳዩኝ» ትላለች። ባዛወሯት ቁጥር ምክንያቱ ያው ነው፦ «ጥናቱን ትታ ቲያትር ታሠራለች።» ይህን የሚሉት ሊሰድቧት ነበር። እሷ ግን ከስድቡ ውስጥ ሙያዋን አገኘችው።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ገና ከበሩ ይቀበላል። መኳንንት ቢሮ ውስጥ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አያራግብም፤ ሦስቱ ባለ ጢም የሶሻሊዝም አባቶች ከግድግዳው ሥዕል ላይ ላብ ላብ የሚላቸው ይመስላሉ። መኳንንት ክፉ ፊት የለውም። አምቦ ውሃ ከፈተላት፤ አልታየች ደህና መሆኗን ጠየቀ፤ ከፍያለው ሪሁ ተሻለው ወይ አለ። በዚያው ለስላሳ ድምፅ በታይፕ የተመታ ወረቀት ወደሷ ገፋ አደረገ።

«ማጠቃለያውን እኔ አስተካክዬልሻለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ታነቢዋለሽ።»

«ከሱ በፊት ሴቶቹ ትንሽ ኪነት አዘጋጅተዋል» አለች።

«ስለ ምርት?»

«ስለ ፈረቃ።»

«ግሩም ነው! ከፓርቲ ጽሕፈት ቤት የሚመጡት እንግዳም ኪነት ይወዳሉ» አለ፤ እውነትም ደስ አለው። በዚያ ዘመን ኪነት የሌለው ስብሰባ ጨው የሌለው ወጥ ነበር። ተናኘ ሳትስቅ ወጣች። ፈርታለች፤ ከፍርሃቱ ሥር ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ንዴት አለ፤ ቆማ የሄደችው በንዴቱ ነው።

የሴቶቹ ነገር እንዲህ ነበር። መጀመሪያ እንደ ደንቡ መጠይቅ ይዛ ሄደችባቸው። ለምን ቀራችሁ? «ጥፋታችን ነው።» ሁለተኛ ትቀራላችሁ? «አንቀርም።» ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ፣ ሁሉም ዓይኑን ከብዕሯ ላይ ሳይነቅል። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ በምሳ ሰዓት ከግራሩ ሥር ተቀምጣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ «እሺ፣ ያን ቀን ባትቀሩ ኖሮስ? ሁላችሁም ፈረቃ ገብታችሁ ቢሆን ምን ይሆን ነበር? እስቲ አሳዩኝ።» ዐሊማ የምትባለው ምላሷ የማይታሰር ፈታይ ሳቀች፤ ከውዳቂው ጥጥ አንድ እቅፍ አምጥታ በአቡጀዴ ጠቀለለችና በአሮጌ መሰላል ላይ አጋደመችው። «ይኸው፣ ሟቿ» አለች። ሙሉመቤት የምትባለው ክርስቲያን ጓደኛዋ አማተበች። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሚቀር አልነበረም።

አዳራሹ ሠራተኛው ምሳ የሚበላበት ነው፤ የሽሮ ሽታ ከግድግዳው አይለቅም። ለሕገ መንግሥቱ ውይይት የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ እስካሁን አልወረደም። እንግዳው ከመድረኩ መሐል ተቀመጡ፤ መኳንንት ከጎናቸው፤ ተናኘ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ታይፑን ጭኗ ላይ አድርጋ። ዐሊማ የሟች እናት ሆና ወጣች። «ኧረ የሰው ያለህ! ልጄ ሞተችብኝ! አጥቡልኝ፣ ገንዙልኝ!» አንዷን ጎረቤት አንኳኳች፤ ሙሉመቤት ብቅ አለችና «ነፍስ ይማር እቴ፣ ፈረቃ ነኝ» ብላ ዘጋች። ሌላዋን አንኳኳች፤ «አላህ ይዘንላት፣ ፈረቃ ነኝ።» ሦስተኛዋ ዘንድ ስትደርስ አዳራሹ ራሱ ቀድሞ «ፈረቃ ነኝ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ፤ መኳንንትም ሳቀ፤ እንግዳውም ሳቁ። ከዚያ ዐሊማ የፋብሪካው በር ላይ ደረሰች፤ ዞር አለችና ቀበቶዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ልክ በመኳንንት ድምፅ «ሞት የግል ጉዳይ ነው!» አለች። ሳቁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። የመኳንንት እጅ ቀበቶው ላይ እንዳለ ቀረ።

«እንግዲያው ብቻዬን ልጎትታታ» አለች ዐሊማ፣ በራሷ ድምፅ። የመሰላሉን ጫፍ ይዛ ሳበችው። እንጨቱ በሲሚንቶው ላይ ሲፋቅ የወጣው ድምፅ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነበር። በልምምዱ ጨዋታው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሴቶቹ እጅ ነሥተው ይወርዳሉ። ሙሉመቤት ግን አልቻለችም። ስንቴ የተለማመደችው ጨዋታ መሆኑን ረስታ «ኧረ ይህስ አይሆንም!» አለችና ሮጣ ሌላውን ጫፍ አነሣች። ሌሎቹም መጡ። መሰላሉ ትከሻ ላይ ወጣ። መድረኩ ጠባብ ነው፤ መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ በደረጃው ወርደው በአግዳሚዎቹ መሐል ወደ በሩ ያዙ። ዚክር አላሉም፤ ሙሾም አላወረዱም፤ በጨዋታ የማይባል ነገር አለ። እግራቸው ብቻ ይሰማል።

ተናኘ ያን ነጭ ጥቅል ስታይ ሼህ ዘይኑልአቢዲን መጡባት። ይኼኔ ዙሁር ተሰግዶ እሳቸውም እንዲህ እየሄዱ ነው፤ እሷ ግን የለችም። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

መጀመሪያ የተነሣው ጥበቃው ሽማግሌው ሰይድ ነው። «ሴት ጀናዛ ትሸከማለች እንዴ፣ ያረቢ!» አለና ቆቡን አውልቆ፣ ትከሻውን ከመሰላሉ ሥር አስገብቶ ሙሉመቤትን አስለቀቃት። ከጎኑ የነበረው ተነሣ። ቀጥሎ አግዳሚው በሙሉ። መካኒኩ፣ መጋዘን ጠባቂው፣ የማታ ፈረቃ ተረኞቹ፣ ሁሉም እየተጋፉ አንዱ አንዱን እየተካ፣ ጥቂት ተሸክሞ ለሌላው እየሰጠ፣ ልክ መንገድ ላይ ጀናዛ ሲገጥማቸው እንደሚያደርጉት። ጥጥ መሆኑን ያላወቀ አልነበረም፤ ግማሾቹ የጥጡን እስር የፈቱት እነሱ ናቸው። ግን እግር ከጭንቅላት ይቀድማል። እንግዳው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እሳቸው ስለተነሡ ይሁን ወይም እናቱ እንዲያ ስላሳደገችው፣ መኳንንትም ተነሣ፤ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ፤ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። «ነፍስ ይማር» ነበር የሚለው፤ ተናኘ ቅርብ ስለነበረች ሰምታዋለች።

ድምፅ ማጉያውን ያዘች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ይንቀጥቀጥ አለችና ተወችው።

«ጓዶች፤ እነዚህ እህቶቻችን ለምን ከሥራ እንደቀሩ አጥኚ ተብዬ ነበር። ያለፈው ጥጥ ነው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ተነሡ ብሎ ያዘዛችሁም የለም። ግን ተነሣችሁ። አሁን እናንተን ያስነሣችሁ ነገር ነው ያን ቀን እነሱን ያስቀራቸው። ጥናቱ ይኸው ነው።»

ማንም አላጨበጨበም፤ ጀናዛ ሲያልፍ አይጨበጨብም። መሰላሉ ገና በሩ ጋ አልደረሰምና መኳንንት መቀመጥ አልሆነለትም፤ ቆሞ በጥርሱ መሐል «ማጠቃለያውን አንብቢ» አላት።

«አንብቤዋለሁ፣ ጓድ መኳንንት» አለች፣ ማጉያውን ከአፏ ሳታርቅ። «እርስዎም ቆመው ሰምተዋል።»

እንግዳው ቆባቸውን ደፉ፤ ሳሉ፤ «ጉዳዩ እንደገና ይታያል» ብለው በጓሮ በር ወጡ። የስንብቱ ደብዳቤ ያን ቀን አልተነበበም። ተናኘ ግን ቢሮ ተጠርታ፣ አምቦ ውሃ ሳይከፈትላት፣ ከነገ ጀምሮ በዚህ በር እንዳትገባ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ተነገራት። ስትወጣ ዐሊማ ከአጥሩ ሥር ጠበቀቻት።

«አባረሩሽ?»

«አባረሩኝ።»

«እኛንስ?»

«ዛሬ አልደፈሩም።»

«ነገም ይሞክሯታ!» አለች ዐሊማ። «እነ ሰይድ ተሸክመዋታል እኮ፤ አሁን የሁላችንም ሬሳ ናት።» ከዚያ ሁለቱም እንደ እብድ ሳቁ። ተናኘ ከሥራ ተባራ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ደሴ ስትደርስ ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ገብታለች። ከፍያለው ጠዋት የተቀመጠባት ጥግ ላይ፣ ራዲዮኑን አጥፍቶ ተቀምጧል። ወሬው በስልክ ቀድሟታል። አልታየች አንዴ ወደሱ፣ አንዴ ወደሷ አይታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ሰው አደረግኩሽ ብዬ ነበር» አለ ከፍያለው። «በኔ ስም ነው የገባሽው። ነገ መኳንንትን በምን ፊቴ ነው የማየው? ደግሞስ አንቺ እንግዲህ ምን ትሆኛለሽ? ማን ይቀጥርሻል?»

«የምጠይቀው ሰው እስካለ ሥራ አላጣም» አለች፣ ከጫማዋ የኮምቦልቻን አቧራ እያራገፈች። «ሌላ ከተማ ቢልኩኝም ሄጄ ‹እስቲ አሳዩኝ› እላለሁ። ሙያዬ ነው።»

ከሼሁ ግቢ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ድንኳኑ ውስጥ ፋኖስ በርቷል። ከፍያለው ወደዚያ ላለማየት መስኮቱን ጀርባውን ሰጥቶታል። ቆይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መኳንንትም ተነሣ?» አላት።

«ተነሣ።»

«ቆቡን አወለቀ?»

«አውልቆ ነፍስ ይማር አለ። ለጥጥ።»

ከፍያለው አባታቸው የተጋደሙበትን ጥግ ያየው ያኔ ነው፤ እሱ ራሱ ወንበር ይዞ የተቀመጠበትን። ተናኘ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና በሩ ላይ ቆመች። ቁጣዋ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈለገችም።

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አለችው። «ትመጣለህ ወይስ ፈረቃ ነህ?»

ከፍያለው ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ጫማውን ይፈልግ ጀመር።